ልጆቼን ጭላዳ ላሳይ ወስጄ ጉንዳን አይተው ተመለሱ

ከኮሶዬ ልጀምር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የምታገኙት አፋፍ ነው። መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ቆላው ከስር ይዘረጋል። ጭላዳም አለ። ያን ቀን መኪና ተኮናትረን፣ ድፎ ተደፍቶ፣ ዶሮ ተሠርቶ፣ ልጆቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ነበር የሄድነው። ስምንት ዓመት የሞላት ትልቋ መንገድ ላይ አስመለሳት። አምስት ዓመት የሆነው ትንሹ ደግሞ ገና ከመኪና እንደወረደ ቁጢጥ አለና መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ጭላዳው ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ "ኧረ ልጄ ቀና በል! ይሄ እንስሳ እኮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም!" እላለሁ። እሱ "እማዬ እይማ፣ ይቺ የሞተች ፌንጣ እየጎተተች ነው!" ይለኛል። ጉንዳን ናት።

ተናደድኩ፣ ምን ልዋሻችሁ። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ! ማታ አያታቸው "ምን አያችሁ?" ስትላቸው ትንሹ ስለ ፌንጣዋና ስለ ጉንዳኗ እጁን እያወናጨፈ አወራ፣ አወራ። ጭላዳውን አላነሳውም። አያትየዋ ወደ እኔ ዞር ብላ "ጉንዳን እዚህ ደጃፋችን ላይስ መች ጠፋ?" አለችኝ። ሳቀችብኝ።

እሷ ለቀልድ ያለችው ነገር ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የሚያስወጣን። "ልጆቼ ከስልክ አልላቀቅ አሉኝ፣ የት ልውሰዳቸው?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁና እኛ የሠራነውን፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ ልንገራችሁ። ደግሞ በዚህ ጊዜ ከከተማ ወጣ ማለት እንደ ልብ አይደለም። ስለዚህ የማወራው በእግር ስለሚደረስበት ነው።

እኛ የምንኖረው ጎንደር፣ ወደ ማራኪ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ ሜዳ ቢጤ አለች። ዳሯ ላይ አንድ ሾላ፣ ጥቂት ግራዋ፣ የፈረሰ የድንጋይ ካብ፣ ክረምት ክረምት ውሃ የሚወርድበት ቦይ። በቃ ይኸው ነው። ለቱሪስት የምታሳዩት ቦታ አይደለም። እኔም መጀመሪያ ንቄያት በየሳምንቱ አዲስ ቦታ ካልወሰድኳቸው ይሰለቻሉ ብዬ ስባዝን ነበር። ተሳስቻለሁ። ልጅ አዲስ ቦታ ሲወስዱት ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ይርበዋል። የሚያየው የለመደው ቦታ ሲሆን ነው። ሾላዋ ባለፈው ሳምንት አረንጓዴ ፍሬ እንደነበራትና አሁን ቀላ ቀላ እንዳለ የሚያውቅ የተመላለሰ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ሾላ ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄን ሞክሩት። አንድ ቀን ትልቋ "ሾላ አበባው መቼ ነው የሚወጣው?" አለችኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፣ ሾላ ሲያብብ ግን አይቼ አላውቅም። እንጃልሽ አልኳት። በኋላ ስንጠይቅ አበባው ለካ ፍሬው ውስጥ ነው። የምንበላው ነገር ወደ ውስጥ የተከፈተ የአበባ ከረጢት ነው ማለት ነው። ቢላ ይዘን ሄደን አንዱን ለሁለት ከፈልነው። ውስጡ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ አበቦች ዙሪያውን ተጠጋግተው ተደርድረዋል፣ ከመካከላቸው ደግሞ ከቁንጫ የማይበልጡ ጥቃቅን ተርቦች ወጡ። የአበባውን ዱቄት ከሾላ ሾላ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ሾላው ዘር አይሰጥም፣ ሾላው ከሌለም እነሱ የሚዋለዱበት ቤት የላቸውም። ትንሹ "እስከ ዛሬ ስንበላቸው ነበር?" ብሎ ፊቱን አኮሳተረ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሾላ አንስቶ በላ።

ቀላሉና ምንም የማያስወጣው ጨዋታ የሲባጎው ነው። ሁለት ሜትር ያህል ሲባጎ ቆርጣችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ትሰጣላችሁ። መሬት ላይ ክብ አድርጎ ያነጥፈዋል። "ይሄ ያንተ አገር ነው፣ ውስጡ ማን ማን ይኖራል?" ትሉታላችሁ። ከዚያ ዝም። ይሄ ዝም የሚለው ነገር ለእኔ ከባድ ነበር፣ አስተማሪ ነገር መሆን ያምረኛል፣ "እይ ይሄ እንዲህ ይባላል፣ ያ እንዲያ ነው" ማለት ስጀምር ልጆቹ ወዲያው እንደ ክፍል ተማሪ ዓይናቸው ይፈዛል። አሁን ካልጠየቁኝ አልናገርም። አንድ ቀን ትልቋ ያገኘችውን በደብተር ጻፈች፦ ሦስት ዓይነት ሣር፣ አንድ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት፣ የበግ በጠጥ፣ የዶሮ ላባ፣ ስሟን የማናውቃት ቀይ ነጠብጣብ ጥንዚዛ፣ የማስቲካ ወረቀት። ማስቲካውን "ስደተኛ" ብላ ነው የጻፈችው።

ከካቡ ስር ያገኘነው ግን ከሁሉም በላይ ነው። ዝናብ የማይደርስበት ደቃቅ አቧራ ላይ፣ የለስላሳ ቆርኪ የምታህል፣ አፏ ሰፍቶ ወደ ታች የምትጠብ ጉድጓድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየቤቱ ግድግዳ ጥግ ሞልቷል። እኛም ልጆች ሆነን በሣር ጫፍ እንነካካው ነበር። ጉድጓዱ ስር አቧራ ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ ትል ነገር አለ፣ መንጋጋው ብቻ ብቅ ያለ። ጉንዳን ጠርዙን ስትረግጥ አቧራው ይንሸራተትባታል። ልትወጣ ስትፍጨረጨር ከስር ያለው ሰውዬ በራሱ አቧራ እያፈሰ ይረጫታል። ትንሹ በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን መሬት አስነክቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲያይ ነበር። ጉንዳኗ ሁለቴ ወጥታ ሁለቴ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ መንጋጋው ያዛት። ልጄ አለቀሰ። አላባበልኩትም፣ እኔም ደንግጬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ "ግን እሱም ይርበዋል አይደል?" አለ።

አንዱን በጠርሙስ አቧራ አድርገን ቤት ወሰድነው። ጉንዳን እየመገብነው ከረመና ከአቧራ ድቡልቡል ኳስ ሠርቶ ውስጧ ገባ። ከዚያ ክንፍ አውጥቶ የውሃ ተርብ መስሎ ይወጣል ተብለን በጉጉት ስንጠብቅ፣ አንድ ቀን ኳሷ ተበስታ ባዶዋን አገኘናት። ሌሊት ወጥቶ ሄዷል። ክዳኑን ማን ከፍቶ እንደተወው እስከ ዛሬ ይጣላሉ።

ወደ ሜዳው መሄድ የማይቻልበት ቀን ደግሞ አለ። ለዚያ የጥላ ጨዋታ አለን። የመጥረጊያ እንጨት ግቢ መሀል ቀጥ አድርጎ መትከል፣ በየግማሽ ሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ማስቀመጥ። እኔ ለልጆቹ "ልክ 6 ሰዓት ላይ ጥላው በጣም ያጥራል" ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። አልሆነም። ከ6 ሰዓት በኋላም ማጠሩን ቀጠለ። 6 ተኩልን አልፎ ነው መርዘም የጀመረው። "እማዬ ተሳስተሻል" ተባልኩ። ጎረቤታችን የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፣ ሄደን ጠየቅናቸው። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፣ እሱም በኦጋዴን በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጎንደር ደግሞ 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፣ ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ትፈጃለች፣ ስለዚህ የእኛ እኩለ ቀን በአማካይ 30 ደቂቃ ይዘገያል አሉን። በጥቅምት ቀደም ይላል፣ በየካቲት እስከ 6 ከ45 ድረስ ይደርሳል።

አስተማሪው በዚህ አላበቁም። "ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ደግማችሁ እዩ" አሉን። አየን። ጥላው የለም! እንጨቱ ቆሟል፣ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ጥላ ግን እግሩ ስር ገብቶ ጠፍቷል። ጎንደር ላይ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለቴ ነው፣ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በነሐሴ። የነሐሴው ደመና ስለሚሸፍነው አታገኙትም። በሁለቱ መሀል የእኩለ ቀን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጥላ ለማጣት ግቢያችን ተሰልፎ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ክረምት ሲገባ ሰው ልጁን ቤት ይቆልፋል። እኔም እቆልፍ ነበር። አሁን ዝናብ እንለካለን። የሃይላንድ ፕላስቲክ ከላይ ትቆርጡና የተቆረጠውን አፍ ገልብጣችሁ ትሰኩበታላችሁ። ታች ያለው ሰርጓዳ ነገር ልኩን ስለሚያበላሸው ጠጠር ጨምራችሁ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉትና እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ አስምሩ። ጎኑ ለስላሳ የሆነውን ምረጡ፣ የተሸበሸበውን አይደለም፣ እኛ መጀመሪያ በዚያ ተሸውደናል። ከዚያ በማስመሪያ በየጠዋቱ መለካት ነው። አያታቸው "ዝናብ ደግሞ ይለካል እንዴ? ዘመን!" ስትል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጠዋት ከጸሎት እንደተመለሰች የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ስንት ገባ?" ሆነ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ትልቋ ይሄን ከሰማች በኋላ ጣሪያችንን በእርምጃ ለካች፣ 40 ካሬ ገደማ ሆነ። 10 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 400 ሊትር። ሃያ ጄሪካን ማለት ነው! ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ ይሄን ቁጥር የሰማ ባሌ በሚቀጥለው ሳምንት አሸንዳ አስገጠመ። ለልብስ ማጠቢያና ለአትክልቱ ክረምቱን ሙሉ ተገላገልን።

አሁን የፈራሁባቸውን ነገሮች ልናገር፣ ይሄን ክፍል አትዝለሉብኝ።

ቅንጭብ። አጥር ሁሉ ቅንጭብ ነው እኛ ጋ። ትልቋ አንድ ቀን ቅርንጫፉን ሰብራ ነጩን ወተት በጣቷ ነክታ ከዚያ ዓይኗን አሸችው። ጩኸቷን ስሰማ እባብ ነደፋት ነው ያልኩት። ዓይኗ ወዲያው ቀላ፣ ማየት አቃታት፣ ይዘን የወጣነውን የመጠጥ ውሃ በሙሉ ዓይኗ ላይ አፈሰስኩት፣ ከዚያ ቤት ተሸክሜያት ሄጄ ቧንቧ ስላልነበረ ከበርሜል እየቀዳሁ ከሩብ ሰዓት በላይ አጠብኳትና ጤና ጣቢያ ሮጥን። ተረፈች፣ ሦስት ቀን ግን ብርሃን ማየት አልቻለችም ነበር። ቁልቋልም ያው ነው። ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን አሳዩአቸው። ሳማ ያቃጥላል እንጂ ያልፋል፣ ራሱ ያስተምራቸዋል። እንቧይና አስተናግር ግን አፍ እንዳይገቡ። አጋም፣ ቀጋ፣ እንጆሪ ይበላሉ፣ ቢሆንም እኛ ቤት "ለእማዬ ሳይታይ አይበላም" የሚል ሕግ አለ።

ውሃ። ወንዝ ዳር መቀመጥ ደስ ይላል፣ ግን ቀሃም ሆነ አንገረብ እግር አይነከርም። የከተማው ቆሻሻ አንድ ነገር ነው። ሌላው ቢልሃርዝያ ነው። በጎንደር ዙሪያና በጣና ዳር አለ። ውሃ ውስጥ ካለች ቀንድ አውጣ ይወጣና ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሲገባ አይታይም። ጎርጎራ የሄዳችሁ ቀንም ይሄን አትርሱ። ክረምት ላይ ደግሞ ደራሽ አለ፣ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ድንገት ይመጣል።

ውሻ ከነከሰ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ነገ ይታያል አይባልም። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይም ጎንደር ላይ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ተኩል ነው የእኛ ሰዓት። ስንቁ ቆሎ፣ ዳቦና ውሃ። ዶሮ ወጥ ይቅርባችሁ።

አልፎ አልፎ፣ በወር አንዴ ያህል፣ ወደ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። ፋሲል መዋኛ ትኬት ተቆርጦ ይገባል። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ልጆቹ ግን ጉዳያቸው ከዛፎቹ ሥር ጋር ነው። ያረጀውን ግንብ ሥሩ ከላይ እስከ ታች እንደ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። ትንሹ "ዛፉ ነው ግንቡን የያዘው ወይስ ግንቡ ዛፉን?" አለኝ። እስካሁን መልስ የለኝም። ወረቀት ግንዱ ላይ ለጥፎ በእርሳስ ማሸት እዚያ ጥሩ ይወጣል። ግንቡ ላይ መውጣት ግን የለም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ዛፎቹ ስር ደግሞ ድምፅ እንቆጥራለን። ዓይን ጨፍኖ፣ አዲስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንድ ጣት ማጠፍ። ዋኔ፣ የደጅ መዝጊያ፣ ንብ፣ የሩቅ ባጃጅ፣ የአባ መቋሚያ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች መጥተው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይቺን ንብ ተነስቶ አዳናት ይባላል። ይሄን ከነገርኳቸው ጀምሮ ንብ ሲመጣ ማባረር ትተው ዝም ብለው ይቆማሉ። ሳይነኳት ቆሞ ማየት ስንት ጊዜ ለምኜ ያልሆነልኝ ነገር ነበር።

አዕዋፍ ላይ ገና ነን። ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ትልቁን ቁራ ያውቁታል፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም። ጭልፊትንም ያውቃሉ፣ ምክንያቱም ጫጩታችንን ወስዶብናል። ሌላው ሁሉ ለእነሱ "ወፍ" ነው።

የመጨረሻው የጭጎጎት ነገር ነው። ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲደርቅ አሮጌ የሹራብ ካልሲ ከጫማቸው በላይ አልብሻቸው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ካልሲው ላይ የተለጠፈውን ዘር ሁሉ ለቅመን በተቆረጠ ፕላስቲክ አፈር ሞልተን ዘራነው። ምን እንደሚበቅል ማንም አያውቅም፣ ደስታውም እሱ ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ጭጎጎት ሆኖ ቀረ። ትልቋ በዚያ ሰሞን የራሷን እንቆቅልሽ ፈጠረች። ባለፈው ቅዳሜ ስንመለስ መንገድ ላይ ወንድሟን ያዘችው።

"እንቆቅልህ!"

"ምን አውቅልሽ!"

"እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ ልብስ ይዞ አገር የሚዞረው?"

አሰበ፣ አሰበ። ካልሲው ላይ እንደተለጠፈ እያየው አላወቀውም።

"አገር ስጠኝ" አለችው።

"ባሕር ዳር።"

"አልፈልግም።"

"አዲስ አበባን ውሰጂ።"

"አልፈልግም። ጎንደርን ስጠኝ።"

ቆመ። "ጎንደርንማ አልሰጥም" አላት፣ "ጉንዳኖቼ አሉበት።"